እግሯ ነው ወይስ አእምሮዋ የቀደመው?

የእንጦጦ ሥር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። እስከ አምና ድረስ ሽሮ ሜዳ ትኖር ነበር፤ ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ዳገት በሳምንት ሦስትና አራት ቀን በእግሯ ትወጣው ነበር፣ የገበያ ዘንቢሏንም ማንም እንዲሸከምላት አትፈቅድም። አባቴ ካረፉ በኋላ ብቻዋን እንዳትቀር ብለን እኔ ወደምኖርበት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደምትገኘው አሌክሳንድሪያ አመጣናት። እነሆ አሥራ አራት ወር ሆነ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ ስንሄድ እርሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ትመለከታለች። በብርዱ ወራት ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በስተቀር ከበር አልወጣችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች።

ከስድስት ወር ወዲህ አንዱን ጥያቄ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ትጠይቀኛለች። ሁለት ጊዜ ምድጃ ሳታጠፋ ተኝታለች። ባለፈው ወር የመረመረቻት ሐኪም መለስተኛ የማስታወስ ችግር እንዳለባት፣ ነገር ግን የመርሳት በሽታ ወደሚባለው ደረጃ እንዳልደረሰች ነግራናለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው «ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ፤ አንሥተሽ አስኪጃት፣ ሁሉም ይመለስላታል» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። በእርጅና ዘመን የሰውነት ጥንካሬና የአእምሮ ብርታት ተያይዘዋል ሲባል ማስረጃው ምን ያህል የጸና ነው? ደግሞስ፣ እግሯ ስለሰነፈ ነው አእምሮዋ የደከመው፣ ወይስ አእምሮዋ አስቀድሞ ስለደከመ ነው መውጣት የጠላችው?

ወረቀት አንባቢ፦

እህቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ የዘርፉ ባለሙያዎች ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ስለሆነ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ። የሕዝብ ጤና ጥናት ላይ ስለምሠራ እነዚህን ጽሑፎች ማንበብ የዕለት ተግባሬ ነው።

ተስፋው የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም ዓመቶቹን በዚሁ እጽፋለሁ) «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ አንድ ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ60 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው፣ እንቅስቃሴ የማያደርጉ 124 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ለስድስት ወር ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ሲያደርጉ፣ ገሚሶቹ ሰውነት ማሳሳብና ማፍታታት ብቻ ይሠሩ ነበር። ተጓዦቹ የተሻሉት በሁሉም ነገር አልነበረም፤ የተሻሉት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ትኩረትን በማዘዋወር፣ የማያስፈልገውን ነገር ችላ በማለትና የጀመሩትን ድርጊት በመግታት ነበር። እነዚህ ችሎታዎች ከፊት ለፊቱ የአንጎል ክፍል ጋር የተያያዙ፣ በእርጅናም ቀድመው የሚደክሙ ናቸው። ምድጃ ማጥፋትን ማስታወስም በከፊል በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚያ በ2011 ይበልጥ ዝነኛ የሆነው ጥናት ወጣ። 120 አረጋውያን ለአንድ ዓመት ተከታትለው በኤምአርአይ ሲታዩ፣ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ የሚራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ የተባለው የማስታወሻ ማዕከል በ2 በመቶ ገደማ ሲያድግ፣ የማነጻጸሪያው ቡድን ግን በ1.4 በመቶ ገደማ ኮሰመነ። «መራመድ አንጎልን ያሳድጋል» የሚለው አባባል በአብዛኛው ከዚህ የተቀዳ ነው። ብዙዎች የማይጠቅሱት ግን እዚያው ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አለ፦ የማስታወስ ፈተናው ውጤት በሁለቱም ቡድኖች ተሻሻለ፤ ተጓዦቹ ከሌሎቹ በግልጽ አልበለጡም። ሥዕሉ ተለወጠ፣ ማስታወሱ ግን በዚያው ልክ አልተለየም።

ምክንያቱን በሚመለከት፣ አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ወደ 20 በመቶ የሚጠጋውን ይወስዳል። ስለዚህ ልብንና ደም ሥርን የሚጠቅም ነገር ሁሉ፣ በተለይም ስኳርና ደም ግፊት ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች በሚያበላሹበት ዕድሜ፣ ለአንጎል መድረሱ አያስገርምም።

ተጠራጣሪው፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ሙከራዎች ብቻ ሲጠቀሱ ሥዕሉ ከልክ በላይ ያማረ ይሆናል። ትልቁን ሙከራ ልጨምር። «ላይፍ» በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ሙከራ ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆናቸው 1,635 ሰዎችን በዕጣ መድቦ ለሁለት ዓመት አንዱን ቡድን የእግር ጉዞ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያና የማሳሳብ እንቅስቃሴ ሲያሠራ፣ ሌላውን ቡድን የጤና ትምህርት ሰጠው። በ2015 የታተመው ውጤት በአእምሮ ችሎታ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም።

በ2017 ደግሞ የለንደን መንግሥት ሠራተኞችን ለ28 ዓመት የተከታተለው ጥናት ወጣ፤ የተከታተላቸው 10,308 ሰዎችን ነው። በመካከለኛ ዕድሜያቸው የተንቀሳቀሱት ሰዎች ከመርሳት በሽታ የተለየ ጥበቃ አላገኙም። ይልቁንም በኋላ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች እንቅስቃሴ መቀነስ የጀመረው ሐኪም በሽታውን ከመለየቱ እስከ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ነበር። ይህን ደግመው ያንብቡት፤ ዘጠኝ ዓመት ነው። አንድ ሰው ከቤት መውጣት ሲያቆም የምናየው መንሥኤውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወንድምዎ የፈረዱብዎት በዚህ ማስረጃ ፊት የሚጸና አይመስለኝም።

ሦስተኛም አለ። በእንግሊዝ አገር የመርሳት በሽታ አስቀድሞ ከያዛቸው 494 ሰዎች መካከል ሁለት ሦስተኛው ያህል ለአራት ወር ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። የ2018ቱ ውጤት ጉልበታቸው እንደበረታ፣ የአእምሮ ድክመታቸው ግን እንዳልዘገየ አሳየ። «ይመለስላታል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረኝ።

ባለ ምርኩዝ፦

ልጄ፣ እኔ ሰባ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስለ ሂፖካምፐስ የምለው የለኝም። ነገር ግን ስለ እናትሽ ዳገት የምለው አለኝ።

እናትሽ እስፖርት ስትሠራ አልነበረም። ስትወጣ ልትሳለም ነው፤ በመንገድ ላይ የእገሊትን የታመመ ልጅ ትጠይቃለች፣ የዕድር መልእክት ታደርሳለች፣ ማኅበሩ በማን ቤት እንደሚውል ታስታውሳለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጣ ትተነፍስና የመጣው ሁሉ ይሳለማታል። በዐቢይ ጾምማ ስግደቱ ብቻውን፣ አንቺ ቆጥረሽው ታውቂ እንደሆነ እንጃ፣ መቶ ጊዜ ወድቆ መነሣት ማለት ነው። ያንን ሁሉ አውጥተን እግሩን ብቻ ካስቀረን በኋላ «አስኪጃት» ማለት፣ ወጡን ደፍተን ድስቱን እንደ ማቅረብ ይሆናል። ወዴት ትሂድ? ለማን ብላ?

በ2011 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) እዚህ አዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» የሚባለው፣ አስፋልቱ በአንዳንድ እሑዶች ለመኪና የሚዘጋበት ነገር ሲጀመር እኔም ወጥቼ ነበር። ስፖርት የሚሠሩትን ወጣቶች ከማየት በቀር ያገኘሁት ነገር አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜ የወጣሁት የሰፈሬ ሰው ቀጥሮኝ ነው፤ እስከ ዛሬም የምወጣው እርሱ ስለሚጠብቀኝ ነው።

ወረቀት አንባቢ፦

አባቴ፣ የተናገሩት ከሳይንሱ የራቀ አይደለም። በ2015 የወጣው የፊንላንድ ሙከራ 1,260 ሰዎችን ይዞ እንቅስቃሴን ብቻውን አልሞከረም፤ ከአመጋገብ፣ ከአእምሮ ልምምድና ከደም ግፊት ክትትል ጋር አጣምሮ ነበር የሞከረው፤ በሁለት ዓመት ውስጥም መጠነኛ ግን ግልጽ የሆነ ልዩነት አገኘ። በ2025 የታተመው ተመሳሳይ የአሜሪካ ሙከራ ከ60 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 2,111 ሰዎች ያሳተፈ ሲሆን፣ ሁለቱም ቡድኖች ቢሻሻሉም በቡድን እየተገናኙና እየተከታተሏቸው የሠሩት ሰዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር።

ለተጠራጣሪው፦ «ላይፍ» ላይ ያሉት እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ቀርቷል። የሙከራው ዋና ዓላማ አእምሮ አልነበረም፤ 400 ሜትር የመራመድ አቅምን ማቆየት ነበር። በዚያ ረገድ የእንቅስቃሴው ቡድን መራመድ የማጣት አደጋው በ18 በመቶ ቀንሷል። በአእምሮ ረገድም ቢሆን ከ80 ዓመት በላይ የሆኑትና በጅማሬው እጅግ ደካማ የነበሩት ሰዎች፣ ቀደም ብዬ በጠቀስኳቸው ትኩረትን የመምራት ችሎታዎች ተሻሽለው ነበር። ከንዑስ ቡድን የተገኘ ውጤት ስለሆነ ብዙ አልተማመንበትም፤ አልጥለውምም።

ተጠራጣሪው፦

የ18 በመቶውን ማረሚያ ተቀብያለሁ። መጥቀስ ነበረብኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ከስቶክሆልም፦

ዘግይቼ ስለደረስኩ ይቅርታ። ጥያቄው «እግር ወይስ አእምሮ» ተብሎ ሲቀርብ ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ይመስላሉ፤ በሥራዬ ላይ ግን እንዲህ ተለያይተው አይቻቸው አላውቅም።

እዚህ ስዊድን፣ ኡሜዮ በተባለችው ከተማ በ1997 የተሠራ፣ በጣም ትንሽና በጣም የምወደው ጥናት አለ። በአረጋውያን መኖሪያ ካሉ 58 ሰዎች ጋር አብሮ እየሄዱ ጨዋታ መጀመር ብቻ ነበር ሥራው። ከእነርሱ መካከል 12ቱ መልስ ለመስጠት ሲሉ ቆሙ። በተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ12ቱ 10ሩ ወደቁ። መራመድ አንጎል ሳይሳተፍበት በራሱ የሚሠራ ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም ለመናገር ብሎ አይቆምም ነበር። የአእምሮ አቅም ሲያንስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሸከም ያቅታል። ስለዚህ ከእናትዎ ጋር ሲሄዱ አንድ ነገር ይመልከቱልኝ፦ ሲያናግሯቸው ይቆማሉ ወይስ እየሄዱ ይመልሳሉ? ለሐኪሟም ይንገሯት፤ የእርምጃ መዘግየትና የማስታወስ ስሞታ አብረው ሲመጡ ሐኪሞች ከልብ ይከታተሉታል።

ሌላው እዚሁ አገር፣ ጎተንበርግ የተሠራው ነው። በ1968 ከ38 እስከ 60 ዓመት የሆናቸው 191 ሴቶች እስኪደክማቸው ድረስ በቆመ ብስክሌት ተፈተኑ፤ ከዚያም ለ44 ዓመት ተከታተሏቸው። የመርሳት በሽታ የያዘው ዝቅተኛ ብቃት ከነበራቸው 32 በመቶውን፣ መካከለኛ ከነበራቸው 25 በመቶውን፣ ከፍተኛ ከነበራቸው ግን 5 በመቶውን ብቻ ነበር። ፈተናውን ጀምረው ለማቋረጥ ከተገደዱት መካከል 45 በመቶው ታመዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ መንሥኤንም አያረጋግጥም። ለንደን ላይ ከተገኘው ጋር የሚጋጭ የሚመስለውም አንዱ ምክንያት፣ የለንደኑ ሰዎች ስለ እንቅስቃሴያቸው በመጠይቅ ሲናገሩ፣ የጎተንበርጎቹ ግን ሳንባቸውና ልባቸው በብስክሌት ላይ መለካቱ ይመስለኛል። «እንቀሳቀሳለሁ» ማለትና ብቁ ሆኖ መገኘት አንድ አይደሉም። እናትዎ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ዳገት የወጡበት ልብ በአሥራ አራት ወር አይጠፋም፤ ይህን ለወንድምዎም ይንገሩልኝ።

ወደ ሥራው ልግባ። ሁሉም ሰው ስለ እግር ጉዞ ብቻ ያወራል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው ከወንበር መነሣት ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ከጠንካራ ወንበር (ከሶፋ አይደለም) ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ከዚያ ይጀምሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ጊዜ፣ ጎናቸው የሚይዙት ነገር ኖሮ። ሳምንት ሲሞላ አንድ ይጨምሩ። ቫንኩቨር ውስጥ ከ65 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው 155 ሴቶች ለአንድ ዓመት ሲከታተሏቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ክብደት እያነሡ ጡንቻ ያጠነከሩት ትኩረታቸው ተሻሽሏል፤ ሚዛን መጠበቅና ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን አልተሻሻሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑትም ሦስት ቀን ሚዛንን የሚፈትን እንቅስቃሴ ይላል። 150 ደቂቃ ሰምተው አይደንግጡ። ከብሪታንያ 78,430 ሰዎች የተሰበሰበ የእርምጃ ቆጠራ ያሳየው፣ በቀን 3,800 ገደማ እርምጃ የሚራመዱት ሰዎች በጣም ጥቂት ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመርሳት በሽታ አደጋቸው በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ መታየቱን ነው። ይህም የተጠራጣሪውን ማሳሰቢያ እንደያዘ ነው፤ የታመመ ሰው ቀድሞም አይራመድም።

የሌሊት ተረኛ፦

ሃያ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ስለ እንቅስቃሴው የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከእግር በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ተረስተዋል።

አንደኛ ነገር፣ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ እናታችን ጾሙን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ ሁለቱ ተደማምረዋል። እጥረቱ ደግሞ ማስታወስንም እግርንም በአንድነት ይጎዳል፤ እግር መደንዘዝ፣ መንገዳገድ፣ መርሳት። የደም ምርመራው ቀላል ነው። ታይሮይድም አብሮ ይታይ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደብር የሚገዙ አንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒኖችም አረጋውያንን ያደናግራሉ፤ በመሳቢያቸው ምን እንዳለ ይመልከቱ። ጆሯቸውስ? ቴሌቪዥኑን ምን ያህል ያስጮኹታል? በ2024 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት የመርሳት በሽታን አደጋ ከሚጨምሩ ሊታረሙ የሚችሉ 14 ነገሮች ውስጥ የመስማት ችግርን፣ ብቸኝነትን፣ ድባቴን፣ ስኳርን፣ ደም ግፊትንና እንቅስቃሴ ማጣትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ባላቸውን ቀብረው፣ ሰፈራቸውን ትተው በመጡ በዓመቱ ያዘነ ልብ የሚረሳውን ያህል ምንም አይረሳም፤ ሐዘኑም እንደ ሕመም ሊታይላቸው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር እጅግ ያናድደኛል። ፈተናውን በምን ቋንቋ ነው የሰጧቸው? በስፋት የሚሠራበት የማስታወስ ፈተና ሰዓት ሣሉና አሥራ አንድ ከአሥር ላይ አድርጉት ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር የተባለች የሽሮ ሜዳ እናት አጭሩን መርፌ አምስት ላይ ታደርጋለች፤ በእኛ አቆጣጠር ትክክል ናት፣ በፈተናው ወረቀት ግን ነጥብ አጣች። ዘመኑን ስትጠየቅም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። ኩብ ሣይ ሲሏትም ትምህርት ቤት ገብታ ካላወቀች እርሳስ አያያዙ ራሱ ፈተና ነው። ዝቅተኛ ትምህርት ላላቸው የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት አለ፤ ይጠይቁ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ እርስዎ ልጃቸው ሆነው አያስተርጉሙ፣ ሳያውቁት ይረዷቸዋልና።

የእንጦጦ ሥር (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልስ ሳልሰጥ ሰባት ሳምንት የቆየሁት የሚነገር ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ፈተናው በእኔ አስተርጓሚነት የተሰጠ ነበር፤ ሰዓቱንም ልክ እንደተባለው አምስት ላይ አድርጋዋለች። በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ቀርቦ በሌላው ዓይነት ሲደገም ነጥቧ ከፍ አለ፣ ሐኪሟ ግን ችግሩ ጨርሶ የለም አላለችም። ቢ12ዋ ዝቅ ብሎ ተገኝቶ መርፌ ጀምራለች። ስለዚህ ከእንግዲህ የምታሳየው መሻሻል ከመርፌው ይሁን ከወንበሩ መለየት እንደማልችል አውቃለሁ፤ ተጠራጣሪው ከመጠየቁ በፊት ራሴ ልናገር።

ከወንበር መነሣቱ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ደርሷል። ስናወራ ግን ትቆማለች። በአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ቆመች፤ ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ፣ ለአረማመድ ምርመራም ቀጠሮ ተሰጥቶናል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የወሎ ሰው የሆኑ እናት አግኝቼ አስተዋውቄያቸዋለሁ፤ እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እናቴ ደግሞ እንደምታውቁት ናት፤ በየማለዳው ኮሪደሩን አብረው ይመላለሳሉ፣ ቡናውም በተራ ነው። የማንኛቸው ተራ እንደሆነ እናቴ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ለወንድሜ ይህንን የውይይት ክር ልኬለት ነበር። ያነበበው ይመስለኛል፤ ባለፈው እሑድ ሲደውል ስለ እኔ ምንም ሳይል የመርፌውን ዋጋ ጠየቀኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ትናንት ከመኪና ስትወርድ ዙሪያዋን አየችና «እዚህ አገር ዳገት የሚባል ነገር የለም ወይ?» አለችኝ። አሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ለእርሷ የሚሆን ታውቃላችሁ?

ባለ ኪንግ ስትሪት፦

ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ ግንብ የቆመበት ኮረብታ አለ። ደረጃው ብዙ ስለሆነ በደረጃው በኩል አትጀምሩ፤ በመኪናው መንገድ ዳር ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ በመጀመሪያ ቀንም ከግማሽ አትለፉ። ከላይ ከተማው ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ እኔም ከእናቴ ጋር እመጣለሁ።